በአንድ ጀልባ የተሳፈሩ ባልንጀሮች

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ፥ በመርካቶ፥ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን ከነንብረታቸው አጠፋ። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ዐመድ ሲሆን ያየ ነጋዴ፥ ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ሲያወጣ እጁ ቢከብድ አይፈረድበትም። ስለዚህ ባልንጀሮች ተሰብስበው፥ «በዚህ ዓመት የጣናን ደሴቶች በጀልባ እየዞርን ብንሳለምስ?» የሚል ምክር ሲያቀርቡ፥ ከመካከላቸው አንዱ፥ «ይህ ገንዘብ ለክፉ ቀን ቢቀመጥ አይሻልም ወይ?» ቢል ንፉግ ሊባል አይገባውም። ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነውና።

ለዚህ ጥያቄ በችኰላ መልስ መስጠት አይቻልም። አስቀድመን ከባልንጀሮች ጋር በአንድ ጀልባ ተሳፍሮ ከደሴት ወደ ደሴት መጓዝ ምን እንደሚመስል፥ ለሰው ምን እንደሚያስተምረው፥ ከሰውም ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት።

በግሪክ ባሕር

ባልንጀሮች ተሰባስበው በጀልባ ደሴቶችን የሚዞሩበት ልማድ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው በግሪክ አገር ነው። ግሪክ ጥቃቅኖቹ ጭምር ሲቈጠሩ 6000 ያህል ደሴቶች ሲኖሯት፥ ሰው የሚኖርባቸው 227 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከየአገሩ የሚመጡ ሰዎች በበጋቸው ወራት ስድስት ወይም ስምንት ሆነው ገንዘብ ያዋጡና ባለ ሸራ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ይከራያሉ። ቀን ሸራውን ዘርግተው በነፋስ ኀይል ይጓዛሉ፤ ሲመሽ ወደብ ገብተው ያድራሉ። ምግብ ማብሰሉ፥ ገመድ መሳቡ፥ ዕቃ ማጠቡ በየተራ ነው። ለምግብና ለወደብ የሚወጣውም ገንዘብ ሁሉም ካዋጡበት ከአንድ ኪስ ይከፈላል። የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ፥ «ይህማ ማኅበር ነው» ማለቱ አይቀርም።

ከእነዚህ ደሴቶች መካከል በክርስቲያን ሁሉ ዘንድ የከበረች አንዲት አለች፤ እርሷም ዮሐንስ በግዞት ሳለ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ ናት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1088 ዓ.ም. ክሪስቶዱሎስ የሚባል መነኵሴ በዮሐንስ ስም የመሠረተው ገዳም እስከ ዛሬ በዚያ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ በዚያ ባሕር ላይ የሚመላለሰው ሁሉ ለመዝናናት ብቻ የሚመላለስ አይደለም፤ ሊሳለም የሚሄድም አለበት።

ይሁን እንጂ ባሕሩ የሚያስፈራም ነገር አለው። በሐምሌና በነሐሴ ወር ግሪኮች ሜልቴሚ የሚሉት ብርቱ የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ሰማዩ ጥርት ብሎ፥ ፀሐይዋም ደምቃ ሳለ የሚነሣ በመሆኑ የማያውቀውን ሰው ያታልለዋል። ስለዚህም የአገሩ ሕግ ባለ ሸራ ጀልባ ከሚከራዩት ሰዎች መካከል አንዱ የምስክር ወረቀት ያለው መሪ እንዲሆን፥ ከእርሱም ጋር ሥራውን የሚያውቅ አንድ ረዳት እንዲኖር ያዛል። መሪው፥ «ነፋሱ ከብዷል፤ ዛሬ ከወደብ አንወጣም» ባለ ጊዜ፥ የመመለሻው ቀን የደረሰበት ሰው ልቡ እየቸኰለ እንኳ መታዘዝ ይኖርበታል። የባልንጀርነት ፈተና የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ይህን ፈተና ክርስቲያን አንባቢ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲሄድ፥ መርከቢቱ ከግሪክ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቀርጤስ፥ መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ደረሰች። ወራቱ ለጉዞ አስጊ ስለ ነበረ ጳውሎስ ከዚያ እንዳይነሡ መከራቸው። የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ሰማ፤ የሚበዙቱም ሰዎች ወደቡ ለመክረም አይመችም ብለው እንነሣ አሉ። ወዲያው ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ዐሥራ አራት ሌሊት ሙሉ አንገላታቸው። በመጨረሻም መርከበኞቹ በትንሿ ታንኳ ተደብቀው ሊያመልጡ ባሰቡ ጊዜ፥ ጳውሎስ እነዚያ በመርከቡ ካልቈዩ የቀሩትም ሊድኑ እንደማይችሉ ለመቶ አለቃው ነገረው፤ ወታደሮቹም የታንኳዪቱን ገመድ ቈረጡ። መርከቢቱ ተሰባበረች፤ ነገር ግን በውስጧ የነበሩት 276 ሰዎች አንድ ሳይጐድል ዛሬ ማልታ በምንላት ደሴት ወደ ምድር ደረሱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፥ የሚበዙት ሰዎች የተስማሙበት ምክር ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ከአንድ መርከብ የተሳፈረ ሰው ብቻውን ለማምለጥ ሲሞክር የሌሎቹን ነፍስ ይዞ የሚሄድ መሆኑ ነው።

በጣና ላይ

የእኛ አገር የደሴቶች ባሕር ጣና ነው። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይናወጣል። ስለዚህ የአገሩ ጀልበኞች ውሃው ጸጥ በሚልበት በማለዳ መነሣትን ይመርጣሉ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ይበረታልና።

የደሴቶቹ ቍጥር ከጥንት ጀምሮ ጸሓፊዎችን አከራክሯል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ 21 ናቸው አለ። በ18ኛው መቶ ዓመት የመጣው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ፥ የአገሩ ሰዎች ሰው የሚኖርባቸውን 45 አድርገው እንደሚቈጥሩና እርሱ ግን ዐሥራ አንድ ያህል እንደሚመስሉት ጻፈ። በቅርብ ዘመን የተለመደው ቍጥር 37 ነው፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ናቸው።

በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አስከሬን አርፏል። በጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ አስቀድሞ ለብዙ ዘመን እንደ ቈየች ትውፊት ይነግረናል። በደቅ ደሴት ላይ በ18ኛው መቶ ዓመት በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸችው ናርጋ ሥላሴ አለች። ደሴት ባይሆንም በውሃ የተከበበው የዘጌ ምድር ደግሞ በቡናው ደንና እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ባሉት በሥዕል ባጌጡ አብያተ ክርስቲያናቱ የታወቀ ነው።

ጥንታዊው የጣና መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። አንድ የደንገል ዘንግ በእጅ ይቀጠፋል፤ ብዙው ተጠቅልሎ በአንድነት ሲታሰር ግን ሰውንና እህልን፥ እንጨትንም ተሸክሞ ይንሳፈፋል። የሸማ ተራ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም፤ አንድ ክር ብቻውን ምንም እንዳልሆነ፥ ድርና ማግ ሲሆን ግን ትውልድ የሚለብሰው ሸማ እንደሚወጣው ያውቃልና። ታንኳው ግን ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ወደ ምድር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ሳያሳርፉ የሚቀዝፉት ታንኳ ዕድሜ የለውም።

የጣና ደንገል በሩቅ ባሕርም ስሙን አስጠርቷል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. የኖርዌዩ ሊቅ ቶር ሄየርዳል፥ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት፥ ከጣና በተወሰደ ደንገል በግብፅ አገር «ራ» የተባለች መርከብ አሠራ። ከሰባት አገር የተሰበሰቡ ሰባት ሰዎች ተሳፍረውባት ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ሸራ ዘርግተው ተነሡ። ሳምንታት ከተጓዙ በኋላ የመርከቢቱ የኋላ ክፍል ውሃ እየጠጣ ጐበጠ፤ ተሰባብራም ካሰቡት ሳትደርስ ቀረች። ሰዎቹ ግን ሁሉም ተረፉ። በኋላ ሲመረመር፥ የጥንት ግብፃውያን የመርከባቸውን ኋላ ቀና አድርገው ይይዙበት የነበረው አንድ ገመድ ችላ ተብሎ መቅረቱ ታወቀ። በሚከተለው ዓመት የተሠራችው ሁለተኛይቱ «ራ» በ57 ቀን ውቅያኖሱን ተሻግራ ባርባዶስ ደረሰች። የመጀመሪያይቱን የጐዳት የደንገሉ ማነስ ወይም የነፋሱ መበርታት ብቻ አልነበረም፤ ቀላል መስሎ የታለፈ አንድ ማሰሪያ ነበረ።

ከመሳፈር አስቀድሞ

የባልንጀሮች ማሰሪያ ከመሳፈር በፊት የሚደረግ ስምምነት ነው። ከሸማ ተራ ዐሥር ሰዎች፥ ስድስት ወንዶችና አራት ሴቶች፥ ለዚህ ጉዞ ተነሡ እንበል። በተራው ላይ ሱቃቸው ጐን ለጐን ነው፤ ጋቢውንና ነጠላውን፥ ጥበቡንም ሲሸጡ አንዱ የሌላውን ገበያተኛ ይሻማል። ቅር የተሰኘ ሰው ግን መዝጊያውን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። በጀልባ ላይ የሚዘጋ መዝጊያ የለም፤ የተቀየመውም የተቀየሙትም በአንድ ሳንቃ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በአዲስ አበባ ሳሉ መቈረጥ አለባቸው።

መጀመሪያ፥ የሚታዘዙት ሰው ይመረጥ። በውሃው ላይ ጀልበኛው አለቃ ነው፤ ከማኅበሩ ደግሞ ከጀልበኛው ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ታናሹ፥ «ጋሼ፥ ይህን ያህል መንገድ መጥተን ዳጋን ሳንሳለም እንዴት እንመለሳለን?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ታላቁ፥ «ልጄ፥ ዳጋ ትናንትም ነበረ፤ ነገም አለ። እኛን ግን በቤት የሚጠብቀን ሰው አለ» ብሎ ቢመልስለት ክርክሩ ያበቃል። ጀልባው ሊሸከም ከሚገባው በላይ ሰው እንዳይጭን፥ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያም ለያንዳንዱ መኖሩን ሳያዩ እንዳይሳፈሩ መጠንቀቅም የዚሁ ሰው ተግባር ነው።

ሁለተኛ፥ የገንዘቡ ነገር በግልጥ ይነገር። ከሁሉ አቅሙ ያነሰው ሰው ሳያፍር ሊያዋጣ የሚችለው መጠን የጋራ መዋጮ ይሁን። የሚበልጥ ያለው ሰው ከፈቀደ የጀልባውን ኪራይ ወይም ለገዳማቱ የሚሰጠውን ጧፍ፥ ዕጣንና ዘቢብ ይሸፍን፤ ይህንንም ሲያደርግ በየወደቡ አያውራው። ብዙ ባልንጀርነት የፈረሰው በገንዘብ ማነስ ሳይሆን ሒሳቡ በሹክሹክታ ሲነገር ነው።

ሦስተኛ፥ የጉዞው ፍጥነት በደካማው ሰው እርምጃ ይለካ። በደሴቶቹ ላይ ከጀልባው ወርዶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት የሚወጣበት ስፍራ አለ። ጕልበት ያለው ቀድሞ ወጥቶ፥ «እትዬን የምንጠብቃት እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ቢል ጉዞው ሩጫ ሆነ እንጂ ማኅበር አልሆነም። በአንድ ቀን ብዙ ደሴት መቍጠር ይቻላል፤ ተሳልሞና አርፎ ለመመለስ ግን በቀን አንድ ወይም ሁለት ይበቃል።

ከዚህም በላይ፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት በመነሣቱ፥ የመንገዱን ሰላም በየጊዜው ሳይጠይቁና ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፥ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ በመልካም ወደብ እንደ መክረም ያለ ብልኀት እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም።

ሴቶቹስ?

ባልና ሚስት አብረው በሚሄዱበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ቅሬታ የሚያመጣው ነገር ይህ ነው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት የወንዶች ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ይህ የገዳሙ ሥርዐት ነውና ጐብኚ ሊከራከርበት አይችልም። ነገር ግን ሥርዐቱን ከመነሻው ሳይነግሯት ሚስቱን እስከ ደሴቲቱ ዳርቻ ወስዶ፥ በፀሐይ ላይ በጀልባ ውስጥ ትቷት የሚወጣ ሰው በደል ያደርጋል፤ በደሉም የገዳሙ ሳይሆን የእርሱ ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። መንገዱ ሲታሰብ ለሁሉ ክፍት በሆኑት ስፍራዎች ይጀመር፤ እነርሱም ኡራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያምና ናርጋ ሥላሴ ናቸው። ወንዶቹ ወደ ክብራን በወጡ ጊዜ ሴቶቹ በአቅራቢያዋ ወዳለችው ሴቶች ወደሚገቡባት ወደ እንጦስ ኢየሱስ ይሻገሩ። ከተመለሱም በኋላ አንዱ ወገን ያየውን ለሌላው ይንገረው። እንዲህ ሲሆን ሁሉም የሚያመጣው በረከት አለው እንጂ ጠባቂና ተጠባቂ አይኖርም።

ደግሞም የጣና ታሪክ የወንዶች ታሪክ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ታሪኩን አላነበበም። ናርጋን ያሠራች ሴት ናት፤ በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላ ትታያለች። ከእርሷ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞም፥ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን፥ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን ትታ መነኰሰች፤ ለተዋሕዶ እምነትም ብዙ ተሰደደች። በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ስትመላለስም፥ በዙሪያዋ የተሰበሰቡትን ወንዶችና ሴቶች ስታስተዳድርም የልብ ወዳጇ እኅተ ክርስቶስ ነበረች። ወለተ ጴጥሮስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1642 ዓ.ም. ዐርፋ በጣና ውስጥ ባለችው በሬማ ገዳም ተቀበረች፤ እኅተ ክርስቶስም በእርሷ ፈንታ ማኅበሩን መራች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገድሏ ሲጻፍ የሁለቱ ወዳጅነት አብሮ ተጻፈ። እንግዲህ በጣና ላይ የባልንጀርነት ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁለት ሴቶች የሚበልጥ አያገኝም። በስደት ጊዜ የጀመሩትን ወዳጅነት በምቾት ጊዜም አልተዉትምና።

የጥያቄው መልስ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ገንዘቡ ለክፉ ቀን ቢቀመጥ አይሻልምን?

ክፉ ቀን ሲመጣ ገንዘብ ብቻውን እንደማያድን እሳቱ ራሱ አስተምሯል። ሱቅ በሱቅ ላይ ተደግፎ በቆመበት ተራ የአንዱ እሳት የሁሉ እሳት ነው፤ በእንደዚህ ያለ ስፍራ የሚኖሩ ሰዎች ቢያውቁትም ባያውቁትም ከአንድ ጀልባ ተሳፍረዋል። የዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው፥ እንደነዚያ መርከበኞች በትንሿ ታንኳ ለብቻው የማያመልጥ ጐረቤት ነው። እንዲህ ያለ ጐረቤት ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም። ከቶ ሊለያዩ በማይችሉበት ስፍራ አብረው የዋሉ፥ የተራቡ፥ ነፋስ ያስፈራቸውና የታገሡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ስለ ተዋወቀ ድር ነው፤ በየራሱ ተጠቅልሎ በመደርደሪያ የተቀመጠ ክር አንበሳ አያስርም።

ነገር ግን ለዚህ መልስ አንድ ግዴታ አለው። ከባልንጀሮቹ መካከል እሳቱ ወይም ዕዳው ያጐደለበት፥ መዝጊያው እስካሁን ያልተከፈተ ሰው ካለ፥ ያዋጡት ገንዘብ አስቀድሞ ለእርሱ ይዋል። እርሱን በሸማ ተራ ትቶ ዘጠኝ ሆኖ ወደ ጣና መውረድ፥ ያን አንዱን ገመድ ሳያስሩ ሸራ እንደ መዘርጋት ነው። ጉዞው አንድ ዓመት ይቈይ፤ በሚመጣው ዓመት ዐሥር ሆነው ይሂዱ። ደሴቶቹ ብዙ መቶ ዓመት ቈይተዋል፤ ጥቂት ይታገሣሉ።

እንግዲህ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ሆይ! በዚህ ዓመት በማኅበራችሁ ላይ የጉዞ ምክር ሲነሣ፥ «የት እንሂድ?» ከማለታችሁ በፊት፥ «ማን ቀርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ከተቈጠረ በኋላ በማለዳ ተነሡ፤ ለጀልበኛው ታዘዙ፤ ደካማውን በመካከል አስቀምጡ። በሰላም ያመላልሳችሁ።